ጄኔቭ ላይ ስለ ሰበታ ማን ይናገራል?

(ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ የፋብሪካ ባለቤቶች፣ ነጋዴዎችና ሠራተኞች ሰበታ ላይ የቀረበ ንግግር)



ነገሬን በጥያቄ ልጀምር። ከእናንተ መካከል ቁጥሩን የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? የስልክ ቁጥር አላልኩም። የግብር ከፋይ ቁጥርም አላልኩም፤ እሱንማ ብትረሱት በራችሁ ድረስ መጥቶ የሚያስታውሳችሁ አለ። እኔ የምለው የምታመርቱትን ዕቃ የታሪፍ ቁጥር ነው። ካናቴራ ሰፍቶ የሚልክ ሰው በዓለም ንግድ መዝገብ ላይ ስሙ 6109 ነው። ጽጌረዳ ቆራጩ 0603 ነው። ቢራ ጠማቂው 2203፣ ውሃ አሻጊው 2201፣ ቆዳ ጫማ ሠሪው 6403፣ የበግ ሌጦ አልፊው 4105።

ጄኔቭ ይሁን ብራስልስ፣ ዋሽንግተን ይሁን አክራ፣ ተደራዳሪዎች የሚቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ ሰበታ የሚባል ከተማ የለም። ቡራዩም ሱሉልታም የሉም። እዚያ ያለው ይኸው ቁጥር ነው። ከቁጥሩ አጠገብ ደግሞ ሌላ ቁጥር ይጻፋል፤ ቀረጡ ስንት በመቶ እንደሆነ። በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል የአንድ ፋብሪካ ዕድሜ አለ፤ የአንዲት ሰፊ ልጅ የወር ደሞዝ አለ። ታዲያ እዚያ ተቀምጦ የሚከራከርልን ማነው? ከማንስ ጋር ተማክሮ ነው የሄደው? የዛሬው ነገሬ በሙሉ ይህችው ናት።

መጀመሪያ የሀብታሞቹን ቤት እንይ። አሜሪካና የአውሮፓ ኅብረት በአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዶና ማዶ ሆነው አንድ ትልቅ የንግድ ስምምነት ለመዋዋል በሐምሌ 2005 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ ድርድር ጀመሩ። እስከ 2009 ዓ.ም. መግቢያ ድረስ 15 ጊዜ ተቀመጡ። በመካከላቸው ያለው ቀረጥ ቀድሞም ዝቅተኛ ስለነበር ጠቡ በቀረጥ ላይ ብቻ አልነበረም። የመኪና ሠሪዎቹ ጥያቄ ለምሳሌ ይህ ነበር፦ አንድ መኪና ጀርመን ውስጥ ተፈትኖ ካለፈ ለምን አሜሪካ ውስጥ እንደገና ይፈተናል? መብራቱን፣ መከላከያውን፣ ቀበቶውን ሁለት ጊዜ ማስፈተን ገንዘብ ነው። መድኃኒት ሠሪዎቹም ፋብሪካችን አንድ ጊዜ ከተመረመረ ይበቃናል አሉ። የአውሮፓ አይብ ሠሪዎች ደግሞ የአካባቢያችንን ስም አሜሪካኖች በራሳቸው አይብ ላይ አይለጥፉብን ብለው ጮኹ። በሌላ በኩል የአሜሪካ ዶሮ አርቢ በክሎሪን ያጠበውን ዶሮ አውሮፓ አስገባለሁ ሲል የአውሮፓ በላተኛ «በልጆቼ ሆድ?» ብሎ አደባባይ ወጣ።

ልብ በሉልኝ! እያንዳንዱ ፋብሪካ የሚፈልገውን ያውቃል፤ ጽፎ ያቀርባል፤ ብራስልስ ውስጥ ቢሮ ተከራይቶ ባለሥልጣኑን ይጎተጉታል። እንዲያውም እዚያ የሕዝቡ እሮሮ የተገላቢጦሽ ነበር፤ ኢንዱስትሪው ከመጠን በላይ ተሰማ፣ እኛ አልተሰማንም የሚል ነው። ጩኸቱ ሲበረታ አውሮፓውያኑ ለተደራዳሪያቸው የሰጡትን መመሪያ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለሕዝብ ይፋ አደረጉ። ባለሀብት መንግሥትን የሚከስበት ችሎት ይኑር አይኑር ብለው ሕዝቡን ሲጠይቁም ወደ 150 ሺህ መልስ ጎረፈላቸው። ድርድሩ በኋላ ትራምፕ ሲመጡ ቀዝቅዞ ቀረ። ከዚያ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ትራምፕና የአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት ፎን ዴር ላየን ስኮትላንድ ውስጥ ትራምፕ የጎልፍ ሜዳ ላይ ተገናኝተው በአብዛኛው የአውሮፓ ዕቃ ላይ 15 በመቶ ቀረጥ እንዲጣል ተስማሙ። የፈረንሳይ ወይን ነጋዴዎች ሳይውሉ ሳያድሩ እኛስ ብለው መንግሥታቸው ላይ ጮኹ። ማንም አላሰራቸውም። «ፀረ ልማት» ያላቸውም የለም።

አሁን ወደ እኛ ጓዳ እንመለስ።

በግንቦት 1992 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት አጎዋ የሚባለውን ሕግ አወጣ። አጎዋ ስምምነት አይደለም፤ ችሮታ ነው። ልዩነቱን ያዙልኝ። ስምምነት ሁለት ሰዎች ይፈርሙበታል፤ ችሮታን የሰጠ ሰው ሲከፋው ይወስደዋል። ሕጉ እስከሠራ ድረስ ግን ትልቅ ነገር ነበር። የጥጥ ካናቴራ አሜሪካ ሲገባ መደበኛ ቀረጡ 16.5 በመቶ ነው። ከሰው ሠራሽ ክር ከተሠራ 32 በመቶ ነው። በአጎዋ የገባ ዜሮ። ጨርቁ ከቻይናም ይምጣ ከሕንድ፣ እንደኛ ያለ ድሃ አገር ሰፍቶ ከላከው ያልፋል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ሲመረቅ ዋነኛው ስሌት ይኸው ነበር። 16.5 በመቶ ማለት እኮ በልብስ ስፌት ዓለም ከትርፉ ራሱ የሚበልጥ ገንዘብ ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ጦርነቱን ማን ጀመረው፣ ማን አባባሰው የሚለው ሌላ ቀን የምንከራከርበት ነው። አሜሪካ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ሰብአዊ መብት በከፋ ሁኔታ ተጥሷል ብላ ኢትዮጵያን ከአጎዋ እንደምታስወጣ አስታወቀች። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በሩ ተዘጋ። በሐዋሳ ፓርክ ትልቁ ስም የነበረው የአሜሪካ ኩባንያ ፒ ቪ ኤች ቀኑን እንኳን አልጠበቀም፤ በኅዳር ጠቅልሎ መውጣቱን አሳወቀ። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲፈረም ብዙ ሰው አጎዋ በማግስቱ የሚመለስ መስሎት ነበር። አልተመለሰም።

በዚያ ሰሞን የመንግሥት ዋና የንግድ ተደራዳሪ የነበሩት አቶ ማሞ ምሕረቱ አንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ «አትቁረጡን፣ የሚጎዳው ድሃው ነው» የሚል መልእክት ያለው ጽሑፍ አወጡ። ጥሩ አደረጉ፤ እንኳን ጻፉ። ነገር ግን እስቲ አስቡት፤ አሜሪካን «የሚጎዳው ሠራተኛው ነው» ብሎ የሚማጸነው ባለሥልጣን ነው፤ ሠራተኛዋ የለችም። የአገር ውስጥ ፋብሪካ ባለቤትም የለም። ባለቤቱ ምን ይበል? የመንግሥትን የጦርነት ፖሊሲ ቢወቅስ ነገ ኤል ሲ የሚከፍትለት ባንክ አያገኝም ብሎ ይፈራል። አሜሪካንን ቢወቅስ ደንበኛው ይሸሸዋል። ስለዚህ ዝም አለ። ዝሆኖች ሲጣሉ ሣሩ ዝም ነው የሚለው።

ከእኛ በፊት ሩዋንዳ ላይ የደረሰውንም እናስታውስ። ሩዋንዳ ልባሽ ጨርቅ ልብስ ሰፊዎቼን ገደለብኝ ብላ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀረጡን ከፍ አደረገች። አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 የሩዋንዳን ልብስ ከአጎዋ አገደች። ሩዋንዳ አልተመለሰችም፤ ዕግዱን ዋጥ አድርጋ ቀረጧን ያዘች። ትክክል ናት አይደለችም የሚለው ለክርክር ክፍት ነው፤ ቢያንስ ግን ምን እየሰጠች ምን እንደምትይዝ አስልታ የወሰነችው ነገር ነው። ቡራዩ ውስጥ ሲንጀሩን በረንዳ ላይ አውጥቶ የሚሰፋው ወንድሜ ሰልባጅ ምን እንዳደረገው አይነገረውም፤ በኮንትሮባንድ እየገባም ጎኑን ወግቶታል። እሱን ግን ጠርቶ የጠየቀው የለም።

ሰዎች ታዲያ ገበያው ቢከፈትልንማ ይላሉ። እዚሁ ሰበታ የሆነውን እንይ። አይካ አዲስ ዓለም ገና ላይ በ2002 ዓ.ም. ሲከፈት ጥጡን ከመፍተል አንስቶ እስከ መጨረሻው ስፌት በአንድ ግቢ የሚጨርስ የቱርክ ፋብሪካ ነበር። ለጀርመኑ ቺቦ ይሰፋ ነበር። ወደ አውሮፓ የሚልከው በዜሮ ቀረጥ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ከጦር መሣሪያ በስተቀር የድሃ አገሮች ዕቃ ሁሉ ያለ ቀረጥ ይግባ ብሏልና። ሌላው አገር ለካናቴራ 12 በመቶ የሚከፍልበት ገበያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ደግሞ ጨርቁ የትም ይሠራ፣ ድሃ አገር ውስጥ ተቆርጦ ከተሰፋ ይበቃል ተባለ። ከዚህ በላይ ምን በር ይከፈት? አይካ ግን ዕዳው ጠልፎት በኢትዮጵያ ልማት ባንክ እጅ ገባ። በሩ ተከፍቶ ሳለ ፋብሪካው ወደቀ ማለት ነው። ጥጥ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ፣ ዶላር ጠፋ፣ ብድሩ ግን አልጠፋም። ይህን የምለው ለተደራዳሪዎቻችን እንዲገባቸው ነው። ቀረጥ ዜሮ የሚለው ወረቀት ከጉምሩክ መጋዘን ዕቃ አያወጣም፤ መብራትም አያበራም። አንድ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ከጎናቸው ቢቀመጥ በአሥር ደቂቃ ያስረዳቸው ነበር።

የአበባው ነገር ደግሞ ለብቻው መነገር አለበት፤ ከሰበታ እስከ ሆለታ፣ እስከ ሱሉልታ ያለው የላስቲክ ቤት ሁሉ የቆመው በዚሁ የአውሮፓ ችሮታ ላይ ነውና። ጽጌረዳ አውሮፓ ሲገባ መደበኛ ቀረጡ እንደ ወቅቱ 8.5 ወይም 12 በመቶ ነው። እኛ ዜሮ። ኬንያ የድሃ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለች ይህን አታገኝም፤ ከአውሮፓ ጋር ውል መዋዋል ነበረባት። ውሉ ዘገየና ከመስከረም 21 ቀን 2007 ዓ.ም. ጀምሮ የኬንያ አበባ ቀረጥ መክፈል ጀመረ። የኬንያ አበባ አምራቾች ምን አደረጉ መሰላችሁ? በየጋዜጣው በየቀኑ የምንከስረው ይህን ያህል ነው እያሉ መንግሥታቸውን አላስተኛ አሉት። ሦስት ወር ሳይሞላ ነገሩ ተስተካክሎ ቀረጡ ተነሣ። በኋላም ኬንያ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር የራሷን ስምምነት በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ ፈረመች፤ በሰኔ መጨረሻም ሥራ ላይ ዋለ።

ይህን ተረት አድርጋችሁ እንዳትይዙት። ኢትዮጵያ ሁልጊዜ ከድሃ አገሮች ዝርዝር ውስጥ እንድትኖር የምንመኝ አይመስለኝም። መንግሥትም በየመድረኩ መካከለኛ ገቢ እንገባለን ይላል። እሺ ይሁን፤ እንግባ። በገባን ጊዜ ግን ከመሸጋገሪያ ዓመታት በኋላ ያ ዜሮ ያበቃል። ያን ቀን ለጽጌረዳው 8.5 በመቶ ማን ይከፍላል? የሆላንዱ ጨረታ አይከፍልም። አበባ ቆራጯ ትከፍላለች፤ ወይ በደሞዟ ወይ በሥራዋ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ከምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ አገሮች ጋር ሆነን ከአውሮፓ ጋር ስለ ኢኮኖሚ ሽርክና ውል ስንደራደር ነበር፤ ሞሪሸስ፣ ማዳጋስካር፣ ሲሸልስና ዚምባብዌ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲፈርሙ እኛ አልፈረምንም። አለመፈረማችን ያኔ ጥፋት አልነበረም፤ ዜሮው በእጃችን ነበር። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ያን ውሳኔ ሲወስኑ ሰበታ መጥቶ አበባ አምራቹን፣ ሠራተኛዋን የጠየቀ ነበር ወይ?

አሁን ወደ ትልቁ ድርድር ልግባ፤ የዓለም ንግድ ድርጅት። ኢትዮጵያ ለመግባት ያመለከተችው በጥር 1995 ዓ.ም. ነው። የንግድ ሥርዓታችንን የሚገልጸው ሰነድ በ1999 ቀረበ። የሥራ ቡድኑ በግንቦት 2000፣ በ2003፣ በመጋቢት 2004 ተሰበሰበ። ከዚያ ስምንት ዓመት ዝም! በጥር 2012 አራተኛው ስብሰባ ተደረገ። እንደገና አምስት ዓመት ዝም። በመጋቢት 2017 አምስተኛው። ያኔ ያመለከተ ጎልማሳ ዛሬ ጡረታ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሩጫው ሌላ ነው፤ ለሃያ ዓመት እንቅልፍ የነበረው ነገር በአንድ ዓመት እንጨርሰው ተባለ። እኔን የሚያስፈራኝ እንቅልፉ ሳይሆን ሩጫው ነው። በሩጫ ላይ ያለ ሰው አያነብም፤ ይፈርማል።

ምን ላይ ነው የሚፈርመው? ዋናው ነገር የጣሪያ ጉዳይ ነው። የእኛ ቀረጥ ለረጅም ዓመታት ከፍተኛው 35 በመቶ ነበር። የዓለም ንግድ ድርጅት አባል የሚሆን አገር ለእያንዳንዱ ዕቃ «ከዚህ በላይ አልወጣም» ብሎ ጣሪያ ያስራል። ከጣሪያው በታች መሆን ይችላል፤ ከዚያ በላይ መውጣት ግን ካሣ ያስከፍላል። ለድሃ አገሮች በ2004 ዓ.ም. የተቀመጠ መመሪያ አለ፤ የግብርና ዕቃ በአማካይ 50 በመቶ፣ ሌላው ዕቃ ደግሞ ከዝርዝሩ 95 በመቶው በአማካይ 35 በመቶ ላይ ይታሰር ይላል። መጥፎ አይደለም። ነገር ግን «በአማካይ» የምትለዋን ቃል ተመልከቱልኝ። አማካይ ማለት አንዱ 60 ሆኖ ሌላው 10 ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የማን ዕቃ 60 ይሆናል? የማን 10? ጨዋታው እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ የዕቃዎች መደራደሪያ ሰነዷን የመጀመሪያውን ያቀረበችው በ2004 ዓ.ም. ነው። የእናንተ 6403 ስንት ተብሎ እንደተጻፈ ያየ ሰው ከእናንተ መካከል አለ?

እኔ ጠይቄ ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ «ምስጢር ነው» ተባልኩ። ሰውዬው ጨዋ ነበር፤ ሻይ ጋበዘኝ፤ ምስጢሩን ግን አልጋበዘኝም። ነገሩን በፍትሕ እንየው። ተደራዳሪ ካርታውን ገልጦ አይጫወትም፤ አውሮፓውያኑም ከአሜሪካ ጋር ሲደራደሩ የራሳቸውን የስምምነት ረቂቅ ይፋ አድርገው የቀረጥ ቅናሹን ዝርዝር ግን ደብቀው ነበር። ልዩነቱ፣ እዚያ ለሕዝብ የተደበቀውን ዝርዝር ኢንዱስትሪው ቀድሞ ተማክሮበታል። እኛ ዘንድ ከባላጋራው የተደበቀው ከባለቤቱም ተደብቋል። የምክክር መድረክ አይጠራም አልልም። ይጠራል፤ ግማሽ ቀን ሆቴል ውስጥ፣ በፕሮጀክተር፣ በእንግሊዝኛ። ምሳ ይበላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ በማግስቱ በቴሌቪዥን «ባለድርሻ አካላት ተወያዩ» ይባላል።

ሱሉልታ ላይ ያለውን የቆዳ ጉዳይ ሳላነሣ አላልፍም። መንግሥት በ2000 ዓ.ም. ጥሬ ቆዳና በከፊል ያለቀለት ቆዳ፣ ማለት ፒክሉም ዌትብሉውም፣ እንዳይወጣ እስከ 150 በመቶ የሚደርስ የወጪ ታክስ ጣለ። በ2004 ዓ.ም. ክረስቱንም ጨመረበት። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ቆዳው እዚሁ ይለፋ፣ እዚሁ ይለቅ፣ ጫማ ሆኖ ይውጣ። ሱሉልታ ላይ የቻይና ቆዳ ፋብሪካ የመጣው በዚያው ዘመን ነው። የአውሮፓ ቆዳ አልፊዎች ግን ርካሽ ጥሬ ዕቃችንን ከለከላችሁን ይላሉ፤ የአውሮፓ ኅብረትም በየትኛውም ድርድር ላይ የወጪ ታክስ የሚባል ነገር አይወድም። አዲስ ገቢ አገር ላይ ደግሞ ከነባሩ የበለጠ ይጠየቃል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2001 ስትገባ በወጪ ታክስ ላይ ነባሮቹ የሌለባቸውን ግዴታ ነው የፈረመችው።

እና ያን ታክስ እንያዘው ወይስ እንልቀቀው? እኔ መልስ አልሰጥም፤ መልሱ ያለው ሱሉልታ ነው። አልፊው ያዙልኝ ሊል ይችላል። ቆዳ ሰብሳቢው ደግሞ በፋሲካ ማግስት አዲስ አበባ መንገድ ላይ የተጣለውን የበግ ሌጦ እያሳየ «ለማን ነው የያዛችሁት?» ይላችኋል። አዎ፣ በአንድ ዘመን ሌጦ ገዥ «ቆዳ ያለው!» እያለ በየበሩ ይዞር ነበር፤ ዛሬ ሌጦው ቆሻሻ ገንዳ አጠገብ ይሸታል። ሁለቱም ሰው እውነት አላቸው። ተደራዳሪው ግን ከመሄዱ በፊት ሁለቱንም አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ማከራከር ነበረበት።

ስለ አፍሪካው ነፃ ገበያ ባጭሩ ልናገር። ኪጋሊ ላይ በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ተፈረመ፤ ፓርላማችን በ2011 አጸደቀው፤ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የመጀመሪያው ጭነት ተላከ። ኮሜሳ ውስጥ ከጥንስሱ ጀምሮ አባል ሆነን ሳለ ነፃ ገበያው ውስጥ ሳንገባ፣ የቀረጥ ቅናሻችንን አሥር በመቶ ላይ ገትረን ለዓመታት ቆየን፤ ለአፍሪካው ግን ፈጠን አልን። ስሌቱ ይህ ነው፦ ከዕቃው ዝርዝር 90 በመቶው ላይ ቀረጡ ይነሣል፤ ለእንደኛ ዓይነት አገሮች በ10 ዓመት። 7 በመቶው ጥንቃቄ የሚሻ ተብሎ እስከ 13 ዓመት ይቆያል። 3 በመቶው ጨርሶ አይነካም። እንግዲህ 3ቱ ውስጥ መግባት ዕድሜ ልክ ነው፤ 7ቱ ውስጥ መግባት ፋታ ነው፤ 90ው ውስጥ መግባት ከግብፅ ፋብሪካ ጋር ፊት ለፊት መግጠም ነው። ግብፅ በጋዝ፣ በመብራት፣ በወደብ ከእኛ የት በልጣ! የሰበታ ባለፋብሪካ ሦስቱ ሣጥኖች መኖራቸውን ሳያውቅ ከአንዱ ውስጥ ተቀምጧል።

ደግሞም ስለ ኢንዱስትሪ ስናገር ባለቤቱን ብቻ ማለቴ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሐዋሳ ላይ ባደረጉት ጥናት የልብስ ሰፊዋ መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን፣ ይህም ካዩአቸው ልብስ አምራች አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን ጽፈዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደሞዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሏል። ለመሆኑ ርካሽ ጉልበት ብለን ለዓለም ስናስተዋውቅ፣ የምናስተዋውቀው የማንን ርሃብ ነው? ድርድሩ ላይ ሠራተኛ ማኅበር ቢቀመጥ አሠሪውን የሚጎዳ የሚመስለው ሰው ካለ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይወሰን የተባለውን ያስታውስ። አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ መቶን ተሻገረ። ላኪው ሳቀ። ሠራተኛዋ ዘይትና ጤፍ የምትገዛው በዚያው ብር ነው። ተርባ የምትሰፋ ልጅ ደግሞ ብዙም አትሰፋም፤ ይህን አስተዳደሮቻችሁ ያውቃሉ።

ሌላም ጠረጴዛው ላይ የሌለ ሰው አለ፤ መሬቱ። ይህ ከተማ የባቡሩ ሐዲድ መነሻ ነው፤ ከዚህ እስከ ጅቡቲ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘረጋል። ባቡሩ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ በዚያው ሳምንት እዚሁ ሰበታ ሳይጊን ዲማ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በእሳት ይነድ ነበር። ከኢሬቻው እልቂት ማግስት ነው። ፋብሪካ ማቃጠል ልክ ነው የሚል አይገኝም፤ እዚያ ይሠሩ የነበሩት የእኛው ልጆች ናቸው። ግን ለምን ነደደ? ማስተር ፕላን የተባለው ነገር በ2006ና በ2008 ያስነሣውን ተቃውሞ አንርሳ። የሱሉልታና የቡራዩ ገበሬ መሬቱ ለኢንቨስተር ሲሰጥ የተነገረው «ልማት መጣልህ» ነው። የእርሻ መሬቱ አበባ ሆነ፣ አበባው አውሮፓ ሄደ፣ ልጁ ዘበኛ ሆነ። ዛሬ ሦስቱም ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሸገር ከተማ ተብለው ክፍለ ከተማ ሆነዋል። ስሙ ተለወጠ እንጂ ገበሬውን የጠየቀው አልመጣም። የውጭ ገዢ የአጥሩን ጥንካሬ ብቻ አይደለም የሚያየው፤ ከአጥሩ ውጭ ማን እንደሚኖርና ምን እንደሚያስብም ይጠይቃል።

አሁን ወደ እናንተ ልዙር፤ ሁሉን ነገር መንግሥት ላይ መለደፍም ደስ አይልም። የእኛ ባለሀብት ችግር ሲገጥመው ለብቻው ወደ ሚኒስትሩ ይሮጣል። የራሱን ኮንቴይነር ያስለቅቃል፣ የራሱን ዶላር ያስፈቅዳል፣ ተመልሶ ዝም ይላል። ጎረቤቱ ሲዘጋ «ተፎካካሪ ቀነሰልኝ» ይላል። ማኅበር አለን ትላላችሁ፤ ማኅበሩ ግን ለባለሥልጣን የእንኳን ደስ ያለዎ ማስታወቂያ በጋዜጣ ከማውጣት ውጭ ስለ ቀረጥ አንድ ገጽ ጽፎ አሳይቶን አያውቅም። የኬንያ አበባ አምራች መንግሥቱን የሚጎተጉተው ደፋር ስለተፈጠረ አይደለም፤ ኪሳራውን በቁጥር ጽፎ በእጁ ስለያዘ ነው። ባለሥልጣን ከጩኸት ይልቅ ቁጥርን ይፈራል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዕቃ የምትጽፉት ይህ ነው፦ የታሪፍ ቁጥሩ፤ ዛሬ ከውጭ የሚመጣው ተመሳሳይ ዕቃ ስንት ቀረጥ እንደሚከፍል፤ ቀረጡ በግማሽ ቢቀንስ ፋብሪካችሁ ስንት ዓመት እንደሚቆም፤ ስንት ሠራተኛ እንደሚወጣ፤ ለመቋቋም ስንት ዓመት ፋታ እንደምትፈልጉ። ጥሬ ዕቃ የምታስገቡ ደግሞ የጥሬ ዕቃውን ቁጥር ለብቻው ጻፉ፤ እሱ ላይ ቀረጡ ቶሎ ቢነሣ ይጠቅማችኋልና። የሠራተኛ ማኅበሩ የራሱን ገጽ ይጻፍ፤ ከባለቤቱ ጋር ባይስማማም ይጻፍ። ከዚያ ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር በመዝገብ ቤት በኩል፣ በማኅተም፣ ገቢ ቁጥር አሰጥታችሁ አስገቡት። አንድ ቅጂ ለፓርላማው፤ ስምምነቱን የሚያጸድቀው እሱ ነውና። አንድ ቅጂ ደግሞ ለጋዜጣ። «ጠይቀናቸዋል፣ መልስ አልሰጡንም» የሚል ሰው ነገ ሲነሣ ገቢ ቁጥሩ ይመልስለታል።

የታሪፉ መጽሐፍ በበሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ ይዛችሁ እንዳትወጡ። ቁጥራችሁን ፈልጋችሁ ጻፉና ጥያቄ ያላችሁ ወደ መድረኩ ጠጋ በሉ። የሱሉልታዎቹ መንገዱ ሳይመሽባችሁ ቅድሚያ ውሰዱ።